ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም፦ የአእምሮ ሕመምን ጠይቆ ማወቅ በሰሜን ሸዋ

የአእምሮ ሕክምና የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው ለበሽታው ስም ነው። ታካሚው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ድባቴ ነው»፣ «ሳይኮሲስ (ከእውነታው መለየት) ነው» የሚል ነገር ይመጣበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው ሁሉ ያንን ስም ለማጽደቅ ይሆናል። በሌላው ሕመም የቸኮለን ሐኪም ላቦራቶሪው መልሶ ያርመዋል። ስኪዞፍሬኒያን (ሥር የሰደደ የሳይኮሲስ ዓይነት) ወይም ባይፖላርን (ስሜት ከልክ በላይ የሚናርበትና የሚወድቅበት ሕመም) የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን የለም። መሣሪያው ጥያቄው ራሱ ስለሆነ፣ ጥያቄው ከተበላሸ ስህተቱ ካርዱ ላይ ተጽፎ ለዓመታት ይኖራል።

ጀማሪ የምልክቶችን ዝርዝር ከመሸምደዱ በፊት ጊዜን መለካት ቢማር ይሻለዋል ባይ ነኝ። በዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መጽሐፍ) መሠረት ድባቴ ለመባል ከ9 ምልክቶች 5ቱ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ ከ5ቱ አንዱ ደግሞ የስሜት መውደቅ ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ማስጠላት መሆን አለበት። ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚናርበት) 1 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ግን ቀን አይቆጠርለትም። ሃይፖማኒያ፣ ማለትም ቀለል ያለው ማኒያ፣ 4 ቀን ይበቃዋል። ስኪዞፍሬኒያ በዲኤስኤም-5 ከነመነሻውና ከነርዝራዡ 6 ወር፣ በአይሲዲ-11 (የዓለም ጤና ድርጅት የሕመም መለያ) ደግሞ 1 ወር ነው። ድምፅ የሚሰማና ሰው ያሳድደኛል የሚል አንድ ወጣት እንደ ቆየበት ጊዜ ብቻ ሦስት የተለያየ ስም ሊሰጠው ይችላል። አንዱ ስም ከወር በታች ቆይቶ ሊያልፍ የሚችል ሕመም ሲሆን፣ ሌላው ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊያስውጥ ይችላል።

መንዝ ውስጥ አንድን ገበሬ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ቢሉት «ኧረ ከርሟል» ነው መልሱ። ይህን እንዳለ የጻፈ ተማሪ ምንም አልጠየቀም። ገበሬው ጊዜ ጠፍቶበት አይደለም፤ ወሩን የሚቆጥረው በበዓል ነው። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም አለ። ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም 15 ቀን ስለሆነ ለድባቴ 2 ሳምንት ከዚህ የሚመች መለኪያ አይገኝም። ከሚካኤል እስከ ገብርኤል 7 ቀን ነው፤ ለማኒያ ይሆናል። ከገብርኤል እስከ ጊዮርጊስ 4 ቀን፣ ለሃይፖማኒያ። ከመስቀል እስከ መጋቢት መድኃኔዓለም ደግሞ 6 ወር ከ10 ቀን። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ» የሚለው የቅጹ አነጋገር ደብረ ብርሃን ከተማ ላለ አስተማሪ ይሠራል፤ ከግሼ ለመጣች እናት «ከሚካኤል ወዲህ» ቢባል መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ቆላ ሲወረድ፣ በቀወትም ሆነ በኤፍራታና ግድም፣ ሙስሊም ታካሚ በረመዳን፣ በአረፋና በመውሊድ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እነዚህ በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ፤ «የዛሬ ሦስት ዓመት ረመዳን» የተባለው ከዘንድሮው አንድ ወር ያህል ይለያል። ለአራስ እናት ክርስትና ጥሩ ምልክት ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ስለሚጀምር፣ «ክርስትና ሳይነሣ ነው?» ተብሎ ይጀመርና ወደ ውስጥ ይጠበባል፦ ገንፎ ጠያቂ ሲመጣ ታጫውት ነበር? ልጇን በእጇ ታጥብ ነበር?

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ሌላኛውን ጫፍ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ቤተሰብ የሚናገረው ትልቁ ነገር ከደረሰበት ቀን ነው፤ ልጁ ድንጋይ ከወረወረበት ወይም ልብሱን ጥሎ ከሄደበት። ስለዚህ «መቼ ታመመ?» ከማለት «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት መቼ ነው?» ማለት ይሻላል። በጥምቀት ታቦት ሲወርድ ነበረ? ከእኩዮቹ ጋር ጨፍሯል ወይስ ጥግ ቆሟል? በበልግ እርሻ ጊዜ ሞፈሩን ማን ያዘ? በዚህ መንገድ «ባለፈው ሳምንት አበደ» የተባለ ልጅ ዓመት ሙሉ ከሰው እየራቀ፣ ራሱን እየዘጋና ትምህርቱን እየተወ እንደነበር ይገለጣል።

ሰላምታውን መቁረጥ አይገባም። «እንደምን አደሩ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው» የሚለው ሲሰጥና ሲመለስ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ነገር ግን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የተባለው መልስ ስለ ስሜቱ ምንም አይናገርም። ስሜት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበሩ ፊት ለፊት ከሚጋጠም በጎን ቢሆን ይመረጣል፤ በሩ ለሁለቱም ክፍት መንገድ ያለው፣ ታካሚውም ጠያቂውም መውጫ የማያጡበት። ሽማግሌውን አባቴ ወይም ጋሼ፣ አሮጊቷን እማማ፣ ካህኑን አባ ማለት ነው፤ በስማቸው ጠርቶ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር የፖሊስ ጣቢያ ያስመስለዋል። ከዚያ አንድ ክፍት ጥያቄ («ምን ሆነው መጡ?») ይጠየቅና 3 ደቂቃ ሳያቋርጡ መስማት ነው። ተማሪ የሚከብደው ይህ ነው። ብዕሩ ይቁለጨለጫል።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር «አዎ» ነው። ጋውን ለለበሰ ሰው እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስል፣ በይሉኝታ የሚሰጥ «አዎ» ብዙ ነው። ምሳሌ ያልተገኘለትን «አዎ» አለመቁጠር ነው መፍትሔው። «ነገር ያስጠላዎታል?» ለሚለው የተሰጠ «አዎ» ዋጋ የለውም። ይህን ግን ተመልከቱ፦

«ማኅበር አለዎት?»
«አለኝ፣ የጊዮርጊስ።»
«ያለፈውን ሄዱ?»
«አልሄድኩም።»
«የዚያን በፊቱንስ?»
«እሱንም ልጄ ነው የሄደልኝ።»
«ምን ሆነው?»
«ሰው ሲያወራ ልቤ ይደክማል። ጠላውም ውኃ ውኃ ይለኛል።»

በአራት አጭር ጥያቄ ደስታ ማጣት፣ ቢያንስ አንድ ወር የቆየ ጊዜ፣ ከሰው መራቅና የማኅበራዊ ኑሮ መስተጓጎል ተገኙ። በተቃራኒው «እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ መልሱን ያበላሻል፤ «አዎ» ቢሉ ለየትኛው? ፒኤችኪው-9 በሚባለው የድባቴ መጠይቅ ላይ «ከግማሽ ቀናት በላይ» የሚለውም «በሳምንት ስንት ቀን?» ተብሎ ቢጠየቅ ይቀላል። ይህ መጠይቅ ከ27 ነጥብ 10 ከደረሰ ጠርጥር ይላል እንጂ በሽታ አይሰይምም።

ጾም ብዙ ሰው ያሳስታል። በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ድረስ የማይቀምስ ሰው «ምግብ ቀንሰዋል?» ቢባል በእርግጥ ቀንሷል። የሚጠየቀው «ፋሲካን ሲፈቱ ዶሮው ጣመዎት?» ተብሎ ነው። እንቅልፍም እንዲሁ፦ ዲያቆን ለማኅሌት፣ ገበሬ ለአዝመራ ጥበቃ ሌሊት ይነሣል። ከተለመደው ሰዓት 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ ነቅቶ ተመልሶ መተኛት ያቃተው ከሆነ፣ በተለይ ሐዘኑ ጠዋት የሚብስበት ከሆነ፣ ያኔ ነው ድባቴ የሚጠረጠረው። «ኃጢአተኛ ነኝ» ማለትም የምእመን የዘወትር ቃል ነው። ነገሩ የሚለየው ከንስሐ በኋላ ነው፤ የነፍስ አባቱ ፈትተውት፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ አሁንም «በእኔ ምክንያት ነው አገሩን በረዶ የመታው» የሚል ሰው ሌላ መንገድ ላይ ነው።

ድምፅ መስማትን «ሰው ሳይኖር ድምፅ ይሰማዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጅብም ደወልም ይቆጠርለታል። አጠያየቁ በደረጃ ነው፦ አጠገብዎ ያለ ሰው የማይሰማው፣ ለእርስዎ ብቻ የሚሰማ ድምፅ አለ? ሊተኙ ሲሉ ነው ወይስ በቁም ነቅተው፣ በጠራራ ፀሐይ? ከውጭ በጆሮ ነው ወይስ በውስጥ እንደ ሐሳብ? አንድ ነው ብዙ? እርስ በርስ ስለ እርስዎ ያወራሉ? ያዛሉ? ካዘዙስ፣ ታዘው ያውቃሉ? የመጨረሻውን ሳይጠይቁ መሰናበት አደገኛ ነው። ባሏን ቀብራ 40ው ያልወጣ ሴት ስሟን ሲጠራት ብትሰማ ግን በሐዘን ውስጥ የሚያጋጥም ነገር ነው እንጂ ሳይኮሲስ አይባልም።

«ጎረቤቴ ሊገድለኝ ነው» የሚልን ሰው ቶሎ ወደ ዴሉዥን (በማስረጃ የማይናወጥ የሐሰት እምነት) መክተትም አይገባም። የድንበር ጠብና የደም ቂም ባለበት ቀበሌ ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። መተት፣ ቡዳና ዛር አለ ብሎ ማመንም መንደሩ ሁሉ የሚጋራው እምነት ስለሆነ ብቻውን ምልክት አይሆንም። የሚመረመረው መንደሩ ራሱ ሳይቀር «ይህስ በዛ» የሚለው ክፍል ነው፦ ድግምቱ በሬዲዮ ሲነገር ይሰማዋል? ሐሳቡን ሰው ያወጣበታል ወይስ ያስገባበታል? ለዚህ ቤተሰብ የግድ ነው። ቅደም ተከተሉ ታካሚውን ብቻውን፣ ቀጥሎ አስታማሚውን ብቻውን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ቢሆን ደግ ነው፤ ምራት አማቷ ባሉበት የልቧን አትናገርም። ቤተሰብ አንዳንዴ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ምልክት ያመጣል፦ «አባቱን አንተ ብሎ ጠራቸው» ከተባለ፣ ለሸዋ ገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ የባሕርይ ለውጥ ነው፤ ማኒያ ይጠረጠራል።

አሁን ወደ አረቄ። ደብረ ብርሃንና አረቄ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ሆኖም «ይጠጣሉ?» ሲባል «ኧረ እኔ» ይላሉ፤ ጠላ በብዙ ሰው ዘንድ መጠጥ አይባልም። ጠላን ለብቻ፣ አረቄን ለብቻ መጠየቅ፣ መጠኑንም በቤቱ መለኪያ፦ ጠላው በጣሳ ስንት፣ አረቄው በመለኪያ ስንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያው የሚቀመሰው በስንት ሰዓት? ጠዋት እጁ ተንቀጥቅጦ በመለኪያ አረቄ የሚረጋለት ሰው ሰውነቱ ከአልኮል ጋር ተቆራኝቷል።

ይህ ሰው ቤተሰቡ መከራቸውን አይተው ፃድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ይወስዱታል እንበል። በጠበል ቦታ መጠጥ የለም፣ ጾም አለ፣ ምግብም ትንሽ ነው። መጠጥ ካቆመ 6 ሰዓት ካለፈው ጀምሮ ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ በ2ኛው፣ በ3ኛው ቀን ገደማ ቀንና ቦታ ይምታታበታል፣ በግድግዳው ላይ ነፍሳት ያያል፣ ይጮኻል፣ ያተኩሰዋል። ዙሪያው ያለ ሰው ርኩስ መንፈስ እየለቀቀው ነው ቢል አይገርምም። ሕይወት የሚነጥቅ አስቸኳይ ሕመም ግን ነው፤ ሆስፒታል ሲደርስ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ያስፈልገዋል። ጠያቂው ሦስት ቀን ካገኘ ይበቃዋል፦ የመጨረሻው መጠጥ ቀን፣ የተንፈራገጠበት ቀን፣ መዘባረቅ የጀመረበት ቀን።

ጠበልን በተመለከተ ግንባር ቋጥሮ መጠየቅ ሁሉን ያስደብቃል። «ስንት ሱባኤ ያዙ? መድኃኒቱንስ ያን ጊዜ ይዘው ነበር ወይስ አስቀመጡት?» ሲባል ግን ያለ ፍርሃት ይናገራሉ፤ ያገረሸበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። የእጅ አንጓና ቁርጭምጭሚትም ይታይ፤ የገመድ ወይም የሰንሰለት ቁስል ካለ መታከም አለበት፣ የስንት ጊዜ እንደሆነም ይናገራል።

ሰውነትን ያልመረመረ የአእምሮ ሐኪም ዐይኑን ጨፍኗል። ሙቀት፣ ልብ ምት፣ ስኳር ቅድሚያ አላቸው። ንቃቱ ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ፣ የሌለ ነገር በዐይኑ የሚያይ፣ ትኩሳት ያለው፣ ወይም ከ45 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። በደጋ በቅማል የሚተላለፍ ተስቦና ግርሻ አለ፤ የአንገት እንቅርት አለ፤ ለኤችአይቪ በብዛት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ፣ ለቲቢ የሚሰጥ አይሶናያዚድም ጭንቅላት ሊያውኩ ይችላሉ። «ይጥለዋል» ከተባለም ያየው ሰው ይጠየቅ፦ ዐይኑ ክፍት ነበር ዝግ? ምላሱን ነከሰ? ሽንት አመለጠው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከተነሣ በኋላ ሰው ለየ? «ክብሪት ስናሸተው ተነሣ» የሚለው መረጃ አይሆንም፤ የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ግን በቀጥታ «ራስዎን ሊያጠፉ ያስባሉ?» ከተባለ «በስመ አብ!» ይመጣና በሩ ይዘጋል። በደረጃ ነው የሚገባው፦ መኖር ሰልችቶዎት ያውቃል? በተኛሁበት በቀረሁ ይላሉ? በራሴ እጅ ልጨርሰው የሚል መጥቶብዎት ያውቃል? በምን? የት? መቼ? «በስመ አብ» ብሎ ያማተበን ሰው በቃለ መጠይቁ መጨረሻ፣ ከተለማመደ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በገጠር ዋናው አደጋ የፀረ ተባይና የፀረ አረም መርዝ ነው፤ በመንዝ የጦር መሣሪያ ቤት ውስጥ መኖሩም የተለመደ ነው። «መርዙ የት ነው የሚቀመጠው? መሣሪያውስ?» ተብሎ፣ ሁለቱም በዚያው ቀን ወደ ታማኝ ዘመድ ቤት እንዲዛወሩ ከቤተሰብ ጋር ስምምነት ይደረሳል።

የ2013 ዓ.ም. የአጣዬን ቃጠሎ ወይም በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ደብረ ሲና የደረሰውን ጦርነት ያሳለፈን ሰው ታሪኩን በዝርዝር በመጀመሪያው ቀን ማስተረክ አያስፈልግም። ሕልሙ፣ ድንገት መበርገጉ፣ የሚሸሸው መንገድና ድምፅ፣ ከአንድ ወር በላይ መቆየቱ ይበቃሉ። አደጋው ያላለፈ ከሆነ ደግሞ ነቅቶ ማደር በሽታ ነው ለማለት አልደፍርም።

ያልተማረን ሰው «ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይንገሩኝ» ማለት የሚለካው ትምህርቱን ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ማስቆጠር፣ ወይም «በግ 6,000 ብር ሸጠው ለጨው 150 ቢያወጡ ምን ይተርፋል?» ማለት ይሻላል። በተረትና ምሳሌ መፈተንም ብዙ አያስተማምንም፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ትርጉሙ በቃል የተያዘ ነው። «በሬና ፈረስ በምን ይመሳሰላሉ?» ቢባል ሐሳብ ማጠቃለል መቻሉን የበለጠ ያሳያል።

ልምምዱ በሦስት ሰው ይሁን፦ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ታካሚ ሆኖ የሚጫወት፣ አንዱ ታዛቢ። ታዛቢው ሦስት ነገር ብቻ በጭረት ይቆጥራል፦ መልሱን የሚያቀብል ጥያቄ፣ ሁለት ነገር በአንድ የጠየቀ ጥያቄ፣ ምሳሌ ሳይጠየቅበት የታለፈ «አዎ»። በመጀመሪያ እንደ ሚኒ (MINI) ያለ፣ ጥያቄዎቹና ተራቸው አስቀድሞ የተወሰነ የአእምሮ ሕመም መጠይቅ መጠቀም ቅደም ተከተሉን ያስለምዳል፤ አንዳንዶች «ሰውን ማሽን ያደርጋል» ይሉታል፣ እኔ ግን ዘለው የሚያልፉትን ያስይዛል ባይ ነኝ። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ታካሚ አብረው ሰምተው ለየብቻ ስም ይስጡ፤ ከተለያዩ የሚከራከሩበት በየትኛው መልስ ላይ እንደተለያዩ ይሁን።

ሙሉው ቃለ መጠይቅ 1 ሰዓት ይፈልጋል፤ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ላይ 20 ደቂቃ ከተገኘ መታደል ነው። ጊዜ ካጠረ ሦስት ነገር አይታለፍም፦ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ያለ አደጋ፣ የሰውነት ሕመም ምልክት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበት ቀን። የቤተሰብ ታሪክ፣ አስተዳደግና ቀሪው ለሳምንት ቀጠሮ ይተላለፋል። ካርዱ ላይ የታካሚው ቃል በጥቅስ ይግባ፤ «ቅዠት አለው» ከሚባል «ሁለት ወንዶች ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል፣ በቀን፣ ከጥር ሥላሴ ጀምሮ» ቢጻፍ የሚቀጥለው ሐኪም ራሱ ይፈርዳል። ስሙ ካልለየም «ያልተለየ ሳይኮሲስ፣ 3 ሳምንት፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይታይ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ቀጠሮውም የገበያ ቀን ላይ ቢውል አስታማሚው በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል።